ከገራዶ የመጣው ወይራ

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር የተከራየነው ቤት ግቢው ሲሚንቶ ነው። አከራያችን ጭቃ ስለማይወዱ ከበሩ እስከ ኋላው አጥር ድረስ አንድ ስንዝር አፈር ሳያስተርፉ አስለስነውታል። ለልብስ ማስጫ ጥሩ ነው። እኔ ግን ያደግሁት ግራርና ኮክ በሞላው ግቢ ስለሆነ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ዓይኔ የሚያርፍበት አረንጓዴ ነገር ሲያጣ ቅር ይለኝ ነበር። ባለቤቴ ሁለት ቆርቆሮ ጎመን ተከለች። ጎመኑ አረንጓዴ ነው፤ ግን ይበላል።

ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው። አንድ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና እሠራለሁ። ጠዋት በሐረጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርጄ ማታ በሐረጎ እወጣለሁ። አንድ ሰሞን ጥጥ ጠፍቶ ማሽኖቹ ቆሙና ሥራ ፈትተን ተቀመጥን። ስልኬን ስነካካ አንድ ጃፓናዊ ሽማግሌ፣ ሳህን በሚያህል ሸክላ ውስጥ የበቀለ ዛፍ ሲከረክሙ አየሁ። ዛፉ ቁመቱ ክንድ አይሞላም። ግንዱ ግን ያረጀ፣ የተጠማዘዘ፣ ሥሩ መሬቱን ጨብጦ የያዘ ነው። ከሩቅ የሚታይ ትልቅ ዋርካ ይመስላል። ቦንሳይ እንደሚባል ያኔ ነው ያወቅሁት። ሲሚንቶ ላይ ሊቀመጥ የሚችል ዛፍ መኖሩ ገረመኝ።

የሽማግሌው ዛፍ ሜፕል የሚሉት፣ ቅጠሉ የተዘረጋ የእጅ መዳፍ የሚመስል ነበር። ኮምቦልቻ ችግኝ የምትሸጥ ሴት ጋ ሄጄ ስልኬን አሳየኋት። አየችና፣ «እንዲህ ያለ ቅጠል እንኳን በእጄ በዓይኔም አልገባ። ግራቪሊያ ልስጥህ?» አለችኝ። ሳቅሁና ተመለስሁ። ከዚያ ማየቱን ቀጠልሁ። ሰዎቹ ደጋግመው የሚናገሩት ስለ ዛፉ ስም ሳይሆን ስለ ጠባዩ ነበር፦ ቅጠሉ ትንሽ ይሁን፣ ሲቆረጥ ከአሮጌው ግንድ ያቆጥቁጥ፣ መከራ ይቻል። ይህን ስሰማ ወይራ ትዝ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ መፋቂያ የቆረጥሁበት፣ እናቴ የወተት ዕቃ የምታጥንበት ወይራ።

የመጀመሪያው ግን ሞተብኝ። ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ መንገድ ሲሰፋ ዶዘር የነቀለውን አንድ ወይራ፣ እዚያው ከሚደርቅ ብዬ ወሰድሁት። በጋ ነበር። ሥሩ ከጉልበት በላይ እንደተቆረጠ እግር ሆኗል። ሳፋ በስቼ ተከልሁት፤ ጠዋትና ማታ አጠጣሁት። ቅጠሉ ለሳምንታት አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ፤ እኔም ዳነ ብዬ ለባለቤቴ አወራሁ። አንድ ቀን ቅጠሉን ስነካው እንደ ወረቀት ተንኮሻኮሸ። ለካ አረንጓዴ እንደሆነ ደርቆ ኖሯል። ባለቤቴ ግንዱን ፈልጣ ዕቃ አጠነችበት።

የሁለተኛውን ወይራ ያገኘሁት ለቅሶ ሄጄ ነው። የአንድ ባልደረባችን አባት ሞተው ገራዶ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ፣ መኪናው ጎማው ተነፈሰ። ሌሎቹ ጎማ ሲቀይሩ እኔ ከመንገዱ በላይ ወዳለው ተረተር ወጣሁ። ድንጋያማ ነው፤ ፍየል የሚሰማራበት። እዚያ ድንጋይ ለድንጋይ፣ ከጉልበቴ የማይበልጡ ወይራዎች እንደ ትራስ ተድቦልቡለው በቅለዋል። ፍየሎቹ ቀንበጥ ባወጡ ቁጥር እየቀረጠፏቸው ወደ ላይ ማደግ ተስኗቸው ወደ ጎን ወፍረዋል። ከመካከላቸው አንዱን ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ ግንዱን አየሁት። ሥሩ ላይ እንደ ጭኔ ይወፍራል። ከዚያ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ይወጣል፤ በአንድ ጎኑ ቅርፊቱ ሞቶ ነጭ እንጨት ይታያል። ሽማግሌው ጃፓናዊ ስንት ዘመን የለፉበትን ነገር ፍየሎቹ ሠርተውት ቆይተዋል።

«አሰላሙ አለይኩም። ምን ጠፋብህ?»

ዞር ስል አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ነጭ ኮፊያ አድርገው፣ በትራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሲያዩኝ ዓይናቸውን ጠበብ ያደርጋሉ።

«ወአለይኩሙ ሰላም አባባ። ምንም አልጠፋብኝም፤ ይህን ወይራ እያየሁ ነው።»

«ወይራ አይተህ አታውቅም?»

ነገሩን ለማስረዳት ሞከርሁ። ዛፍ በሳህን ውስጥ እንደሚበቅል፣ እየተከረከመ እንደሚኖር ነገርኋቸው። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «ትልቅ መሆን የሚችለውን ፍጡር ትንሽ አድርጎ ማስቀረት ግፍ አይሆንም?» አሉኝ። የሚቀልዱ አልነበሩም።

የተቀረጠፈውን ወይራ እያሳየሁ፣ «የእርስዎ ፍየሎችስ አባባ?» አልሁ።

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር። «ወላሂ እውነትክን ነው። እነሱን ማን ይጠይቃል።»

ያ ተረተር የእሳቸው ድርሻ ነው። ከላይ ጀምሮ እርከን እየተሠራ ወደ ታች እየወረደ ስለነበር ወይራዎቹ አንድ ቀን መነቀላቸው አይቀርም። «ከሚማገድ ውሰደው» አሉኝ። እኔን ግን የመጀመሪያው ወይራ ያስተማረኝ ነገር ነበር። ዛሬ እንደማልነቅለው፣ መጀመሪያ ዙሪያውን ቆፍሬ ሥሩን በከፊል ቆርጬ በጥሩ አፈር እንደምሞላው፣ አዲስ ቀጫጭን ሥር አብቅሎ ለሌላው ክረምት ሲደርስ ብቻ እንደምወስደው ነገርኋቸው።

«ታድያ እስከዚያ ትመላለሳለህ?»

«እመላለሳለሁ።»

«እንግዲያው ደግ። ዛፍ ሊሰርቅ የመጣ ሰው አይመላለስም» አሉ።

የአገሩ ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጂ እንዳልኋቸው ቀረሁ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ዶማ፣ መጋዝና በማዳበሪያ ጆንያ ብስባሽ ይዤ ሄጄ የወይራውን ግማሽ ዙሪያ ቆፈርሁ። ሐጂ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ስለ ድርቅ ዘመን፣ ስለ ሐጅ ጉዟቸው፣ ስለ ሟች ባለቤታቸው ያጫውቱኝ ነበር። ፍየሎቹ እንዳይነኩት እሾህ አጠሩለት። ከዚያ በኋላ በየሁለት ወሩ አንድ እሁድ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ዛፉን አይቼ ሳልነካው እመለሳለሁ። በመንገዱ ላይ ስኳር ወይም ሳሙና ገዝቼ እይዛለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሲገኝ ማር ይሰጡኛል። አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው፣ «ወይራው ሰው አመጣልህ አባባ» ትላቸዋለች።

በዓመቱ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ መሬቱ ሲርስ አነሳሁት። በቆፈርሁበት በኩል አፈሩን ገፋ ሳደርገው እንደ ፀጉር የረቀቀ ነጭ ሥር ወጥቷል። ሐጂ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ዳሰሱት። «ይኼ ሕይወት አለው» አሉ። በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ከመሬቱ ሳላቅቀው፣ «ቢስሚላህ» ብለው በአንድ ጎን ይዘው አነሡልኝ።

ደሴ ለታመመ ዛፍ ብርድ ናት። ኮምቦልቻ ግን ይሞቃል። ስለዚህ በማግሥቱ ዛፉን ይዤ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ረዳቱ ላዩ ላይ ልጫነው ቢለኝ እምቢ ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት። ሐረጎን ስንወርድ በየጥምዝምዙ ቅጠሉ አጠገቤ የተቀመጡትን እናት ፊት ይነካቸዋል።

«ለምን መድኃኒት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«መድኃኒት አይደለም እማማ፤ ለውበት ነው።»

እናትየው ግንዱን ከላይ እስከ ታች አዩት። «ውበቱ ገና ነው መሰል» አሉ። ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ፋብሪካው ውስጥ ከጥገና ክፍሉ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሙቀት የሚያገኝበት ጥግ አለ። ሳፋ ውስጥ ለመንገድ የሚደፋውን ቀይ ቀላል ድንጋይ፣ ሬድ አሽ የሚሉትን፣ አድቅቄና ነፍቼ ከብስባሽ ጋር ደባለቅሁና እዚያ ተከልሁት። እርጥበቱን እንዲይዝ ላስቲክ አለበስሁት። ዘበኛው ቅዳሜና እሁድ እያየልኝ፣ ሰኞ ጠዋት ገና ከበሩ ሳልገባ፣ «በሽተኛህ ደህና አድሯል» ይለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ አሮጌው ቅጠል ሲረግፍ እያየሁ ፈራሁ። ከዚያ አንድ ቀን ላስቲኩን ስገልጥ፣ ከግንዱ መታጠፊያ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክል ቀይ ቡቃያ ወጥቷል። በሌላኛው ቀን ግንዱ በየቦታው ቡቃያ ነበር። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ረሳሁት።

ዛፉን ሲበረታ ወደ ደሴ መለስሁት። አንድ ሸክላ ሠሪ ሴት፣ «ወጥ የማይሠሩበት ዝርግ ድስት» እያለች እየተገረመች ቂጡ የተበሳ ሰፊ ሳህን ሠርታልኝ ነበር። ከተቃጠሉ ሞተሮች የምፈታው የመዳብ ሽቦ ቅርንጫፍ ለማረቅ እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ በእሳት አለስልሼ ቅርንጫፎቹ ላይ እየጠመጠምሁ በቀስታ አጎነበስኋቸው። በተለይ በቀኝ በኩል የወጣው አንድ ቅርንጫፍ ነበር። ትልቅ ወይራ ገደል አፍ ላይ ሲያድግ ወደ ገደሉ የሚዘረጋው ዓይነት። የዛፉ ውበት በእሱ ላይ እንዲሆን አስቤ ሁለት ዓመት ያህል ደከምሁበት። ባለቤቴ ማታ ከሥራ ስመለስ ጫማዬን ሳላወልቅ እዚያ ስቆም እያየች፣ «ሰላምታው ለእሱ ይቀድማል» ትላለች። ውሃ ማጠጣቱን ግን ለኔ አልተወችውም። እሷ ነበረች የምታጠጣው።

የሐጂ ዓይን እየደከመ ሄዶ ነበር። ገራዶ ስሄድ በድምፄ ነው የሚያውቁኝ። ልጃቸው ደሴ ሆስፒታል ወስዳ አሳየቻቸውና የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል ተባለ። ግን ወረፋ አለ፤ ተራው ሲደርስ ቶሎ መገኘት ያስፈልጋል። ደሴ ዘመድ አልነበራቸውም። ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ታድያ ምን ትጠብቃለህ፣ አምጣቸው እንጂ» አለች።

ሐጂ መጡ። ባለቤቴ ሳሎኑን ለቀቀችላቸው። የውዱእ ማንቆርቆሪያ ገዛች፤ ከግቢው ጥግ ንጹሕ ሰሌን ዘረጋች። እኛ ክርስቲያኖች ስለሆንን ሥጋ በቤታችን ሊበሉ አይችሉም። ባለቤቴ ሽሮና ምስር እያፈራረቀች ስትሠራ ጎረቤታችን የሆኑ ሙስሊም እናት፣ «ለሐጂው ዶሮው በእኔ ነው» ብለው አርደው ሠርተው በራሳቸው ሳህን ላኩላቸው። ሐጂ በልተው ሲጨርሱ ለሁለቱም ሴቶች ዱዓ አደረጉ። ባለቤቴ አሜን ስትል ሰማኋት።

ባለቤቴ በማጀት ሥራዋ ስትጠመድ ቀኑን ብቻቸውን ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ይውላሉ። ዛፉን አጠገባቸው አስቀመጥሁላቸው። በእጃቸው ዳሰሱት፤ ከሥሩ ጀምረው ቀስ እያሉ ወጡ። «ይችን ጎንበስ ያለችበትን አውቃታለሁ። ይኼ በደረቀው በኩል ነው» አሉ። ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ።

አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ ሽቦው ከዛፉ ወርዶ አገኘሁት። አንድም ሳይቀር ተሰብስቦ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ ከሳህኑ አጠገብ ተቀምጧል። ዛፉ ራቁቱን ቆሟል። ያ በቀኝ በኩል የወጣው ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚለይበት ቦታ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ እስከ ውስጥ ይታያል።

«ሐጂ፣ ሽቦውን ማን ፈታው?»

«እኔ ነኝ» አሉ። ፊታቸው ላይ ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ደስታ ነበር። «ስዳስሰው ሽቦው ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ቀንበር ያቆሰለው በሬ ይፈታል እንጂ እንዴት ዝም ይባላል? ቀኑን ሙሉ ስፈታ ዋልሁ።»

የተናገሩት እውነት ነበር። በክረምቱ ቅርንጫፉ ከጠበቅሁት በላይ ወፍሮ ሽቦው ገብቶ ነበር። ግን እንዲህ የገባ ሽቦ በጉጠት እየተቆራረጠ ይነሳል እንጂ ወደ ኋላ አይፈታም። ሲፈታ ቅርንጫፉን ይጠመዝዘዋል። ይህን ለማን ልንገር? ሰውየው እንግዳዬ ናቸው፤ ዛፉ ከመሬታቸው የመጣ ነው፤ የሠሩትም ለደግ ብለው ነው። «እግዜር ይስጥልኝ ሐጂ» አልሁና ወደ ውስጥ ገባሁ።

ባለቤቴ ማጀት ቆማ ትሰማ ነበር። «ተናደሃል» አለችኝ።

«ሁለት ዓመቴን ነው።»

«አውቃለሁ። ውሃውን የማጠጣው እኔ አይደለሁ?» አለች። እራት አቀረበች።

ሐጂ ዓይናቸው ይድከም እንጂ ጆሯቸው ደህና ነው። በማግሥቱ ጠዋት ልወጣ ስል ጠሩኝ። «ልጄ፣ ትናንት ድምፅክ ልክ አልነበረም። ሰበርሁት እንዴ?»

ልዋሽ አሰብሁ። ግን በድምፅ ያወቁኝን ሰው ምን ብዬ እዋሻለሁ። «ቅርንጫፉ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ሽቦው መቆረጥ ነበረበት» አልኋቸው።

እጃቸውን ዘርግተው እጄን ፈለጉ። ያዝኋቸው። «አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ። ከነገርኸኝ ይሻላል። ትናንት ማታ ዝም ብለህ ስትገባ ከቤትህ ልሂድ ብዬ አስቤ ነበር።»

«የት ይሄዳሉ ሐጂ? አፉ ብያለሁ። አብሽር ይበሉኝ እንጂ።»

«አብሽር፣ አይዞህ» አሉ። ያን ቀን ሐረጎን ስወርድ ስንጥቁን በምን እንደምደፍነው አስብ ነበር።

ስንጥቁን በሰም ደፍኜ በጨርቅ አሰርሁት። ተራቸውም ደረሰ፤ ገቡ፤ ሞራው ተገፈፈ። በማግሥቱ ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሳ እኔ አጠገባቸው ነበርሁ። ሐጂ የግድግዳውን ስንጥቅ፣ የሐኪሙን የጋውን ቁልፍ፣ የራሳቸውን ጥፍር እያዩ፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ደጋግመው አሉት። ቤት ስንደርስ ባለቤቴን ትኩር ብለው አዩዋት። «በድምፅሽ ትልቅ ሴትዮ ነበር የመሰልሽኝ፤ ለካስ ልጅ ነሽ» አሉ። እስካሁን ድረስ ይህን ለሰው ስታወራ ትሰማላችሁ።

ዛፉን በመጨረሻ አዩት። ጎንበስ እንዳይሉ ሐኪሙ ስለከለከላቸው፣ ሶላታቸውንም ወንበር ላይ ሆነው ስለሚሰግዱ፣ ዛፉን አንሥቼ በፊታቸው ከፍታ ያዝሁላቸው። «ይኼን ታክላለች? በእጄ ስዳስሳት ትልቅ ነበረች እኮ!» ብለው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ የታሰረውን ጨርቅ አይተው በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉት።

ቅርንጫፉ አልዳነም። ሐጂ ወደ ገራዶ ከተመለሱ በኋላ ቅጠሉ ቀስ በቀስ ረግፎ ደረቀ። ብዙ ጊዜ ሳልቆርጠው ቆየሁ። በመጨረሻ ቅርፊቱን ልጬ ጫፉን አሳጥሬ፣ ነጭ እንጨት ሆኖ እንዲቀር ተውሁት። መብረቅ የመታው ዛፍ ላይ እንደሚታየው። ከእሱ በታች፣ እኔ ምንም ባልጠበቅሁበት ቦታ፣ ሌላ ቡቃያ ወጣ። እሱ የሚያድገው ወደ ላይ ነው። አሁን ዛፉ እኔ ያሰብሁትን አይመስልም። ገደል አፍ ላይ ያለ ዛፍ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ብዙ ያየ ዛፍ ነው የሚመስለው። ከቀድሞው ይሻል እንደሆነ ሰው ይጠይቀኛል። አላውቅም። ለምጄዋለሁ።

ባለፈው የሐጂ ልጅ ደወለችልኝ። «አባባ ሌላ ወይራ አግኝተውልሃል፣ ፍየሎቹ በደንብ ሠርተውታል፣ ና ብለውሃል» አለችኝ። እሁድ ባለቤቴን ይዤ ሄድሁ። ሐጂ በራቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ገና ከሩቅ እጃቸውን አነሡልን። እርከን ካልተሠራበት ከሌላኛው ተረተር ነው ያለው ብለው ቀደም ብለው መውጣት ጀመሩ። እኛ ትንፋሽ እያጠረን ተከተልናቸው። እሳቸው በትራቸውን አልተደገፉም፤ በትከሻቸው ላይ አጋድመው ይዘውት ነበር። በየመካከሉ ቆም ብለው እስክንደርስ ይጠብቁና ማዶ ማዶውን በጣታቸው ያሳዩናል፦ ያ የእገሌ ማሳ፣ ያቺ ቀይ ላም የእገሊት፣ ያ ጭስ የሚታየው ሠርግ ያለበት ቤት። ባለቤቴ፣ «እኔ ላሟም አልታየችኝ» ብላ በጆሮዬ ሹክ አለችኝ።

ወይራው እውነትም ያማረ ነበር። ሁለት ድንጋይ መሐል ገብቶ፣ አንዱን ድንጋይ በሥሩ አቅፎታል። ድንጋዩን ሳይሰብሩ እሱን ማውጣት አይቻልም። ሦስታችንም ዙሪያውን ተቀመጥን። ሐጂ አዩኝ።

«እ? ትቆፍረዋለህ?»

«ይኼስ እዚሁ ይሁን ሐጂ» አልኋቸው። «እየመጣሁ አየዋለሁ።»

«እንደ ወደድህ» አሉ። ባለቤቴ ከያዘችው ፌስታል ቆሎ አውጥታ ለሦስታችንም በእጃችን ዘገነችልን። ፍየሎቹ ቆሎውን አሽትተው ወደ እኛ መጠጋት ጀመሩ፤ ሐጂም በትራቸውን ከትከሻቸው አወረዱ።